ጤዛ ያስተኛል ወይ?

የሰፈር ተመልካች፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ የፊልም ባለሙያ ተብሎ የቀረበ እንግዳ «ጤዛን የምከፍተው እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው» አለ። ጋዜጠኛውም አብሮት ተንከተከተ። ጉድ እኮ ነው! ጤዛ የተባለው የኃይሌ ገሪማ ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ። በዓመቱ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ሄዶ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ደገመ። የኛ ባለሙያ ግን ያንኮራፋል።

ዘመነኛው፦ ሽልማት እንቅልፍ አያባርርም ወንድሜ። እኔም ተኝቻለሁ። ዋናው ገጸ ባሕሪ አንበርብር ሐይቁን ያያል፣ ይተክዛል፣ ደግሞ ሐይቁን ያያል። ከሁለት ሰዓት በላይ!

የሰፈር ተመልካች፦ ልጆቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የሚደበቁበት ጋስ ተኝተህ ነበር?

ዘመነኛው፦ እሱ ጋ ነቃሁ። ካለፈ በኋላ ተመልሼ ተኛሁ።

እታለም፦ እኔ ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት። ቀይ ሽብሩ ሲመጣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ሄደች። ወንድሟን በዚያ ጊዜ ነው ያጣችው። ለእናንተ ቀርፋፋ ነው፣ ለእሷ ግን ፈጠነባት።

ዘመነኛው፦ እናት ከመጣች እኔ ምን አፍ አለኝ? ክርክሩ እኮ ስለ ፊልም ነበር።

ዲሲ ያለሁት፦ ኃይሌ ሳንኮፋ የሚለውን ፊልሙን በ1993 እ.ኤ.አ. ሲጨርስ አከፋፋይ አጣ። ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየው። ዛሬም እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ጆርጂያ ጎዳና ላይ በዚያው ስም መጻሕፍት ቤት አለው። እናንተ ተኙ!

የራስ ሲኒማ ደንበኛ፦ መጣ ደግሞ ዲያስፖራው! እኛ መርካቶ ራስ ሲኒማ የህንድ ፊልም ሦስት ሰዓት ሙሉ አይተናል። ቋንቋውን አንድ ቃል ሳንሰማ። ማን ተኛ? ችግሩ ርዝመት አይደለም።

ዲሲ ያለሁት፦ በየአሥር ደቂቃው ይዘፈንላችኋላ። እንዴት ትተኛላችሁ?

የራስ ሲኒማ ደንበኛ፦ ዘፈን ምን አደረገህ? ከዘፈኑ በፊት እኮ ልጅቷ አልቅሳለች።

የሰፈር ተመልካች፦ ህንዱን ተዉትና ወደ እንቅልፉ እንመለስ። የኃይሌን የድሮ ፊልም፣ ምርት ሦስት ሺህ ዓመትን ውሰዱ። 1976 እ.ኤ.አ.፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ገበሬው ሲያርስ ካሜራው ቆሞ ያያል። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይቆጣል። ያንን ቶሎ ቶሎ ብትቆርጠው የገበሬው ድካም የት ይገባል?

ዘመነኛው፦ እኔ ላይ ነዋ የገባው! ስሙኝማ፣ ዝግታ አልጠላም። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ላምብም ዝግ ያለ ነው። ግን ልጁ ኤፍሬም በጉ ሳይታረድበት ሊያመልጥ ይፈልጋል። ሳምቡሳ እየሸጠ የአውቶቡስ ሳንቲም ይለቅማል። ይደርስ ይሆን ብለህ ትጨነቃለህ። የሚያስጨንቀኝ ስጡኝና ሦስት ሰዓትም ልቀመጥ።

እታለም፦ እሱማ ለፈረንጅ የተሰራ ነው። ተራራ፣ በግ፣ ጭስ፣ አለቀ።

ዘመነኛው፦ ቆይ ቆይ። ላምብ በ2015 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ካን ፌስቲቫል ሲገባ «ለፈረንጅ»፣ ጤዛ ቬኒስ ሲሸለም «የኛ ኩራት»? ቬኒስ ሰሜን ሸዋ ነው እንዴ?

እታለም፦ ቬኒስን ያነሳሁት እኔ ነኝ? እሱን ጠይቅ።

የሰፈር ተመልካች፦ ያነሳሁት ሬዲዮ ላይ ለሳቁት ነው። ሽልማት ካልጠራህላቸው የማይሰሙ አሉ። እኔማ ባይሸለምም ያው ነበርኩ።

ዘመነኛው፦ ታዲያ በመጀመሪያው መስመር ምን አስቸኮለህ?

የሰፈር ተመልካች፦ ሁለተኛው መስመር ላይ እንዳትተኛብኝ ብዬ።

እታለም፦ «ለፈረንጅ» ያልኩትን ግን አልተውም። በጉን ሳይሆን ያቺን ምግብ መሥራት የሚወደውን ልጅ ዘመድ የሚገላምጥባትን ቤት ቢያሳዩን...

ዘመነኛው፦ አሳይተውናል እኮ! አጎቱ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል» ብሎ የሚቆጣው የቱ ፊልም ላይ ነው? አሁን ማነው የተኛው?

የራስ ሲኒማ ደንበኛ፦ ዲሲ፣ ህንዱን ሰድበህ የት ጠፋህ?