ከቼካችን የሚቆረጠው ታክስ መግባቱን እንዴት እናረጋግጥ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እንጻፈው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከምንሠራው አባላት ውስጥ፣ ከቼካቸው ታክስ እየተቆረጠ ለመንግሥት ያልገባላቸው አሉ። በካሽ የሚከፈላቸውም አሉ። ለጊዜው የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ማኅበሩ ለአባላት የታክስ ትምህርት ይስጥ፣ ጠበቃ ይፈልግ፣ አሠሪዎችን ያነጋግር።» አርሙት።

ምግብ ቤት የምሠራ አባል፦
እህቴ፣ «ትምህርት» ብቻ ሲባል አይጨበጥም። የኔን ልንገራችሁ። በ2020 ኮቪድ መጣና ሥራ ቆመ። አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ድጎማ) ሳመለክት፣ ሁለት ዓመት ከሠራሁበት ቦታ ምንም ደሞዝ አልተመዘገበልሽም አሉኝ። በየሁለት ሳምንቱ ግን ይቆረጥብኝ ነበር! ማስረጃ አምጪ ስባል እጄ ባዶ ነው። ፔይ ስተቡን፣ ከቼኩ ጋር የሚመጣውን ደሞዝና ተቆራጭ የሚያሳይ ወረቀት፣ አየት አድርጌ እጥለው ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ፔይ ስተብ አይጣል» ተብሎ ይጻፍልኝ።

የሒሳብ ሥራ የምሠራ አባል፦
እውነቷን ነው። ነገሩ ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ከደሞዛችን ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) 1.45 በመቶ ይቆረጣል። በሳምንት 800 ዶላር የሚያገኝ ሰው 61 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሄድበታል። አሠሪው ደግሞ ያንኑ ያህል ከራሱ ይጨምራል። የገቢ ታክሱ ለብቻው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሠሪው የቆረጠውን ቢበላው እንኳ ሠራተኛው ሁለተኛ አይከፍልም። እንደተቆረጠበት ካሳየ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) የገቢ ታክሱን እንደተከፈለ ይቆጥርለታል። ሶሻል ሴኩሪቲም ማስረጃ ካየ ደሞዙን ይመዘግብለታል። ደብሊው-2፣ የዓመቱ ደሞዝና የተቆረጠው ታክስ የሚጻፍበት ፎርም፣ እስከ ጃንዋሪ 31 መሰጠት አለበት። ፌብሩዋሪ አልቆ ካልመጣ ለአይአርኤስ ደውላችሁ ንገሩ። ለአሠሪው ደብዳቤ ይጽፉለታል። እናንተ ደግሞ በመጨረሻው ፔይ ስተብ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ በደብሊው-2 ምትክ ፎርም 4852 ሞልታችሁ ታክሳችሁን ትሠራላችሁ።

አረጋውያን የምንከባከብ አባል፦
እኔን የሚያስጨንቀኝ ጡረታው ነው። በሥራ የሚገኝ 40 ክሬዲት (ነጥብ) ይፈልጋል፤ በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በ51 ዓመቴ ነው። አንድ ዓመት ቢጠፋብኝ በምን ዕድሜዬ እተካዋለሁ? መግባቱንስ በምን አውቃለሁ?

የሒሳብ ሥራ የምሠራ አባል፦
እትዬ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራስዎን አካውንት ከከፈቱ በየዓመቱ የተመዘገበልዎትን ደሞዝ ያዩታል። የጎደለ ካለ በፎርም ኤስኤስኤ-7008 ይታረማል። ግን ሰዓቱ ይቆጥራል፦ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን። የ2023 ደሞዝ እስከ አፕሪል 15፣ 2027 ማለት ነው። ከዚያ በኋላም የሚታረምበት ሁኔታ አለ፤ እሱን ተማምኖ መቀመጥ ግን አያዋጣም። የደሞዝ ወረቀት የሌለው ሰው የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በስንት እንደሠራ ይጻፍ። በካሽ የሚከፈላችሁ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዙ። ገቢውንም አሳውቁ፣ እባካችሁ።

ፓርኪንግ የምሠራ አባል፦
እኔስ? ሰዓቴን የሚወስነው አለቃዬ ነው፣ ዩኒፎርሙም የሱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ለግል ሠራተኛ የሚሰጠውን ፎርም 1099 ይሰጠኛል። አምና 15.3 በመቶውን ብቻዬን ከፈልኩ።

የሒሳብ ሥራ የምሠራ አባል፦
ወንድሜ፣ የሁለታችሁንም ድርሻ አንተ ላይ ጭኖታል። ኤስኤስ-8 በሚባለው ፎርም «ተቀጣሪ ነኝ ወይስ የግል ሠራተኛ?» ብለህ አይአርኤስን ትጠይቃለህ። መልሱ ቢያንስ ስድስት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ፎርም 8919 አያይዘህ የራስህን ድርሻ ብቻ ትከፍላለህ። ኤስኤስ-8 ስትልክ ግን አሠሪህ ሊጠየቅ ስለሚችል ስምህን ያውቃል፤ ይህን አስበህበት።

ከሽማግሌዎች አንዱ፦
ልጆቼ፣ ከነዚህ አሠሪዎች ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። አብረን እናስቀድሳለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን። መንግሥት ዘንድ ከመሄዳችን በፊት በሽምግልና እንየው።

ምግብ ቤት የምሠራ አባል፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ሽማግሌ ሲላክ ማን እንደተናገረ ይታወቃል። በማግስቱ ሺፍት ይቀነሳል። ደግሞ ይሄ የሁለት ሰው ጠብ አይደለም። የተቆረጠው ገንዘብ የአሠሪው ሆኖ አያውቅም፤ በአደራ የያዘው ነው።

የሒሳብ ሥራ የምሠራ አባል፦
ሕጉም እንደ አደራ ነው የሚያየው። አይአርኤስ ከሠራተኛ ተቆርጦ ያልገባውን ገንዘብ ሙሉውን፣ ሆን ብሎ እንዳይገባ ካደረገው ኃላፊ የግል ኪስ መጠየቅ ይችላል። ድርጅቱ ቢዘጋም አይቀርለትም። ጋሼ፣ ይህን ለባለ ሱቆቹ የሚነግር ሽማግሌ ቢገኝ ለነሱም ደግ ነው። ስም ሳይጠራ።

ታክስ የማያስገባን አሠሪ ለአይአርኤስ መጠቆም የሚፈልግም በፎርም 3949-ኤ ስሙን ሳይጽፍ ማቅረብ ይችላል። ውጤቱን ግን አይነግሯችሁም። በመጠቆሙ ከሥራ የተባረረ ሰው በ2019 በወጣው ሕግ ለሌበር ዲፓርትመንት አቤት ይላል፤ ጊዜው 180 ቀን ብቻ ነው።

ከሽማግሌዎች አንዱ፦
እንዲህ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። በማኅበሩ ስም ለሁሉም የንግድ ባለቤት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይጻፍ። አድራሹ እኛ ሽማግሌዎቹ እንሁን። የማንም ሠራተኛ ስም አይነሳም። ሠራተኛውም የኛን ውጤት እጠብቃለሁ ብሎ የአቤቱታውን ቀን እንዳያሳልፍ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ጥሩ። እንዲህ አሻሽየዋለሁ፦ «ማኅበሩ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ አንድ እሑድ አዳራሽ ይከፍታል። አባላት ፔይ ስተባቸውን ይዘው መጥተው የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባቸውን ያያሉ። የጎደለባቸው እዚያው ፎርም ይሞላሉ። ለንግድ ባለቤቶች ደብዳቤ በሽማግሌዎች በኩል ይደርሳል። መጠቆም ወይም አለመጠቆም የአባሉ የራሱ ውሳኔ ነው፤ ማኅበሩ ስሙን ለማንም አይሰጥም።» «ጠበቃ ይፈልግ» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የታክስ ክርክር የሚያግዙ ክሊኒኮች ስላሉ በእነሱ እንጀምር። አካውንቱን በአማርኛ እያስረዳ የሚያስከፍት ግን ቢያንስ አምስት ሰው ያስፈልገናል።

አረጋውያን የምንከባከብ አባል፦
ልጄ ላፕቶፕ ይዛ ትመጣለች። እኔ ቡናውን እይዛለሁ። የመጀመሪያዋ ተረኛ ግን እኔ ነኝ፤ የ2023ቱን ማየት አለብኝ።