የደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች መካከል የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው ምን ያህሉ ናቸው? ስለ እናቴ ምክር እጠይቃለሁ

ጥያቄ (ጠያቂዋ፣ ከአዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በጤና ጣቢያ ክትትል እየተደረገላት አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ስኳር የለባትም፣ ስትሮክም አጋጥሟት አያውቅም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መርሳት በዝቶባታል። ቡና ስታፈላ አቦሉን ቀድታ ከጨረሰች በኋላ ቶናውን መጣድ ትታ እንደ አዲስ ቡና ለመቁላት ትነሳለች፤ የዕድር መዋጮ ከፍላ ሳለ በዚያው ወር ደግማ ልትከፍል ሄዳለች። ጎረቤቶቻችን «መጃጀት ነው፣ ያለ ነው» ይሉኛል። ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ በበኩሉ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች ካልወረደ አእምሮዋ ይጎዳልና መድኃኒት ይጨመርላት እያለ በየሳምንቱ ይደውላል። በመጨረሻው ክትትል ግፊቷ 148/82 ነበር፤ ከተቀመጠችበት ስትነሳም አልፎ አልፎ ያዞራታል። ግፊት መርሳትን የሚያመጣው በምን ያህል ሰው ላይ ነው? ወንድሜ እንደሚለው ይጨመርላት ወይስ ይቅር?

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

እህቴ፣ ወንድምዎ የጠቀሱት ቁጥር መሠረት አለው፤ ነገር ግን ሙሉውን ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የተካሄደውና ስፕሪንት ማይንድ የሚባለው ጥናት ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 9,361 የደም ግፊት ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ የአንደኛው ወገን የላይኛ ግፊት ከ120 በታች፣ የሌላኛው ደግሞ ከ140 በታች እንዲሆን ታከሙ። ከ140 በታች ከተባሉት መካከል ከ1,000 ሰዎች በዓመት 8.6 ያህሉ፣ ከ120 በታች ከተባሉት ደግሞ 7.2 ያህሉ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊፈጠር ከሚችለው ስላልራቀ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። የመርሳት በሽታን ቀድሞ የሚታየው መለስተኛ የማስታወስ ችግር ግን ከ18.3 ወደ 14.6 ዝቅ ብሏል፤ ይህኛው ልዩነት አስተማማኝ ነው። ሕክምናው በልብ በሽታና በሞት ረገድ ጥቅሙ ቀድሞ ስለታየ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ስለቆመ፣ አዝጋሚ የሆነውን የመርሳት በሽታ በበቂ ሁኔታ ለመመዘን ጊዜው አጥሯል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ግፊትን መቆጣጠር አእምሮን እንደሚጠቅም እቀበላለሁ፤ እናትዎ ዘንድ ስንደርስ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በመጀመሪያ ያ ጥናት ስኳር ያለባቸውን፣ ስትሮክ ያጋጠማቸውን፣ የመርሳት በሽታ ቀድሞ የያዛቸውንና ቆመው ሲለኩ ግፊታቸው ከ110 የሚያንሰውን አላካተተም። እናትዎ ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ግፊታቸው ተቀምጠው ከተለካ በኋላ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ይህን ለሐኪማቸው ሳይነግሩ መድኃኒት እንዳይጨመር፤ በዚህ ዕድሜ ወድቆ ዳሌ መሰበር ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው፣ መርሳቱ ሁሉ የግፊት ነው ብሎ አለመደምደም ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ ድብርትና የመስማት ችግር አረጋውያንን ዝንጉ ሊያደርጉ ይችላሉ። የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በአረጋውያን ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ዝቅ አድርጎ ግራ መጋባት ሊያመጣ ስለሚችል፣ የሶዲየም ምርመራ ይደረግላቸው። እነዚህ አብዛኞቹ የሚታከሙ በመሆናቸው «መጃጀት ነው» ብሎ መተው ሰውን ሊድን ከሚችል ሕመም ጋር ማስቀመጥ ነው፤ በዚህ ከጎረቤቶችዎ ጋር አልስማማም።

መልስ (ነርስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድምዎ የሚሰሙት እዚህ የምንሰማውን ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ መመሪያ ግፊት ከ130/80 በታች እንዲሆን ስለሚመክር እዚህ ያለ ሰው 148 ሲባል ይደነግጣል። ይሁን እንጂ 148 የሚለው ቁጥር እንዴት እንደተለካ ካልታወቀ መድኃኒት መጨመር ተገቢ አይደለም። እናትዎ ታክሲ ተጋፍተው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ገና ሳያርፉ ተለክተው ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቤት ውስጥ በክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ካገኙ፣ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው፣ አምስት ደቂቃ ሳይነጋገሩ ይቀመጡ። ክንዳቸው በጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይሁን፤ ጥብጣቡ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ለክተው በደብተር ይጻፉ። በቤት ልኬት 135/85 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ተብሎ ይቆጠራል። ያንን ደብተር ይዘው ቢሄዱ ሐኪሙ በአንድ ቀን ልኬት ላይ ተመሥርቶ ከመወሰን ይድናል፤ ፎቶውንም ለወንድምዎ ቢልኩለት ይረጋጋል።

መልስ (አባቱን ያስታመመ አባል፣ ከባሕር ዳር)

አባታችን መድኃኒቱን «ደህና ነኝ» እያለ ያቋርጥ ነበር። ግፊት ስለማያመው ደህና የሆነ መስሎት ነበር። ሐኪሞቹ እንዳስረዱን ግፊት ሲቆይ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እያጠበበና እያደነደነ፣ ሰውየው ሳይታወቀው ትናንሽ ጉዳቶችን ያደርሳል። እነዚያ ሲጠራቀሙ ማሰብም መራመድም ይዘገያል። የእርሱ ሕመም ቀስ በቀስ ሳይሆን ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነበር፤ ለወራት ባለበት ይቆይና በድንገት ዝቅ ይላል። እናትዎ ላይ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን እጅ መዛል ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ሌላው ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ የሚረሳ ሰው መድኃኒቱንም ይረሳል፤ ወይም መውሰዱን ረስቶ ይደግማል። የሰባቱ ቀን ክፍል ያለው የመድኃኒት ሳጥን ገዝተን እኅቴ እሑድ እሑድ ትሞላው ነበር። እናትዎ ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። እኛ ይህን ያወቅነው በጣም ዘግይተን ነው።

መልስ (የጤና መኮንን፣ ከሐዋሳ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የአንድ ጥናት ውጤት ልጨምር። በቻይና ገጠር 326 መንደሮችን ያካተተ፣ 33,995 የደም ግፊት ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በ2025 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የመንደር ጤና ባለሙያዎች በሐኪም እየተመሩ መድኃኒት ሲሰጡና ግፊትን ከ130/80 በታች ለማድረስ ሲከታተሉ፣ በ4 ዓመት ውስጥ የመርሳት በሽታ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር በ15 በመቶ ቀንሷል። ይህን ያነሳሁት ሥራው በትልቅ ሆስፒታል ሳይሆን በመንደር ባለሙያ እጅ በርካሽ መድኃኒት የተሠራ በመሆኑ ነው፤ ጤና ጣቢያ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ትልቅ ተስፋ ይሰጣል።

ጠያቂያችን ስለ ራስዎ ምንም አልጻፉም። ግፊት አእምሮን በብርቱ የሚጎዳው በጎልማሳነት ዕድሜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነው፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽንም ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ የላይኛው ግፊት 130 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን መክሯል። እናታቸው ግፊት ያለባቸው ልጆች ለግፊት የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነውና፣ መለኪያው ቤት ከገባ እርስዎም ወንድምዎም ተለኩ። ወንድምዎ ለእናቱ የሚጨነቀውን ያህል ለራሱም ቢያስብ እወዳለሁ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆማ ስትለካ ከ146 ወደ 121 ወርዷል፤ ይህንን ለወንድሜ ነግሬው መድኃኒት ይጨመር ማለቱን አቁሟል። የእኔ ደግሞ 138/88 ሆነ፤ 46 ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ላስቸግር፦ እናቴ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም፣ መድኃኒቱንም ያኔ ነው የምትወስደው። ይህ ጉዳት አለው?

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እስከወሰዱት ድረስ አምሎዲፒን ከሰዓት በኋላ መሆኑ ችግር የለውም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ውኃ ስለሚያስወጣ ሳይጠጡ ከዋሉበት ቀን ጋር ተደምሮ ማዞሩን ሊያብሰው ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡባቸው፤ ቀጠሮውን አስቀድመው ይህንና የላይኛው ቁጥር ቆመው ሲለኩ ከ146 ወደ 121 መውረዱን አብረው ይንገሩ፣ የሶዲየም ምርመራውንም በዚያው ይጠይቁ። ሕመምተኛ በጾም ወቅት ውኃና መድኃኒት መውሰድ እንደሚችል የንስሐ አባታቸው እንዲያስረዷቸው ቢያደርጉ ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ የእርሳቸውን ቃል ይሰማሉ። የእርስዎ 138/88 በአንድ ልኬት አይወሰንም፤ እንደ እናትዎ ለአንድ ሳምንት ለክተው ጽፈው፣ በዚያው ቀን የራስዎንም ካርድ ያውጡ።