የአፒያን ጥንታዊ መንገድ በእግር መከተል

ጥያቄ፦ ከሮም በደቡብ ኢጣሊያ እስካለችው የወደብ ከተማ እስከ ብሪንዲዚ የሚዘልቀውን የአፒያ መንገድ በከፊል በእግር ልጓዝ አስቤአለሁ፤ ታሪኩን አጉልቶ የሚያሳየው የትኛው ክፍል ነው?

መልስ፦ ከሮም ከቅዱስ ሰባስቲያን በር ቢነሡ ይሻላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 በሮማዊው ሹም በአፒየስ ክላውዲየስ አማካይነት የተጀመረው መንገድ መጀመሪያ የሚደርሰው እስከ ካፑዋ ከተማ ብቻ ነበር። ሕጉ ሙታንን በከተማ ውስጥ መቅበርን ይከለክል ስለነበር ባለጸጎች መቃብራቸውን በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሠሩ ነበር፤ ከእነዚህም ክቡ የቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር እስከ ዛሬ ቆሟል።

መልስ፦ የሮም አካባቢ፣ ውበቱ ባይካድም፣ ጎብኚ ይበዛበታል። በፎንዲና በኢትሪ ከተሞች መካከል ባለው የቅዱስ እንድርያስ ሸለቆ ግን ጥንታዊው ንጣፍና የድጋፍ ግንቡ በተራራው ወገብ ላይ ስለሚታዩ፣ የመሐንዲሶቹን ጥበብ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

መልስ፦ ብሪንዲዚ ከደረሱ ወደቡ አጠገብ ያለውን ዓምድ ይመልከቱ፤ ከጎኑ ይቆም የነበረው መንትያው ዓምድ በ1528 እ.ኤ.አ. ወድቆ ስብርባሪው ለሌቼ ከተማ ተሰጥቷል።