ለሰንበቴ ተረኞች ነን፦ በጾመ ነቢያት ለ120 ሰው ምን ያህል እህል፣ እንዴት ይሰናዳ?

ተረኛ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የታኅሣሥ ጽዋ እኛ ዘንድ ነው። ማኅበርተኛው 80፣ በደጀ ሰላሙ የሚቀመጡ ነዳያን ደግሞ ወደ 40 ናቸው፤ ለእነሱም ያው ምግብ እንዲቀርብ ተስማምተናል። ያሰብነው እንጀራ፣ ምስር ወጥ፣ ሽሮና ድፎ ዳቦ ነው። የእህሉን ልክ፣ በዚህ ብርድ ሊጡ እንዴት እንደሚደርስ፣ ወጡ ቅዳሜ ማታ ተሠርቶ ቢያድር ይሆን እንደሆነ ንገሩን። ቅዳሴ የሚያበቃው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው።

የጓዳ ሰው

መጀመሪያ ልኩን። ለአንድ ሰው እንጀራ ተኩል ያዙ፤ ለ120 ሰው 180 ይሆናል። ከ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 6 ያህል ትልልቅ እንጀራ ስለሚወጣ 30 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። አንዱ በ3 ደቂቃ ቢወጣ በአንድ ምጣድ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ምጣድ ይጣድ። መብራት ቢጠፋ ደግሞ አንዱ የእንጨት ወይም የኩበት ይሁን።

ምስር ክክ በነፍስ ወከፍ 50 ግራም፣ 6 ኪሎ። ሽሮ 40 ግራም፣ 5 ኪሎ። ሽንኩርት ለሁለቱም 10 ኪሎ፣ ዘይት 3 ሊትር። ለምስሩ በርበሬ 400 ግራም ይበቃል፤ ሽሮው ውስጥ ቀድሞ አለና። ከ6 ኪሎው ምስር 2ቱን ግን በእርድ አልጫ አድርጉት፤ ከነዳያኑ መካከል ሽማግሌ፣ ሕፃንና ጨጓራው የታመመ አይጠፋም፣ በርበሬ ብቻ ከቀረበለት ሳይበላ ይነሣል።

ለዳቦው 7 ኪሎ ተኩል የስንዴ ዱቄት ለሦስት ድፎ ይከፈል። ለ1 ኪሎ 6 ዴሲ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 15 ግራም ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል። ጾም ስለሆነ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አይገባም፤ ኮባው የሚቀባው በዘይት ነው። ከዳቦ ቤት የምትገዙ ከሆነም ወተት ወይም ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ።

ደገኛዋ

ስለ ብርዱ እኔ ልመልስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሙሉ ምስርና አተር ቆላ ላይ ከሚፈጀው ሰዓት የበለጠ ይፈልጋል፤ እሳት ቢጨመር የድስቱ ውኃ ቶሎ ያልቃል እንጂ እህሉ ቀድሞ አይበስልም። ክኩን ከመጣዳችሁ በፊት ለሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት። ቲማቲም የሚገባ ከሆነ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ይግባ፣ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ እህሉ ይገግማል።

ሊጡ ረቡዕ ይቦካ። ለ30 ኪሎ ዱቄት 3 ሊትር ያህል እርሾ፣ ውኃው ለብ ያለ። በሦስት ዕቃ ይከፈል፣ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሞላ፤ ሲነሣ ይፈስሳልና። ሌሊት በጋቢ ጠቅልላችሁ ከምድጃው አጠገብ አድርጉት። ከላይ ብጫ ውኃ ሲጠል ደርሷል ማለት ነው፤ ውኃውን ቅዱና አብሲቱን ጣሉ፦ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ሊጥ በሦስት እጥፍ የፈላ ውኃ ውስጥ እያማሰላችሁ እስኪወፍር ማብሰል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አብሲቱ ትኩስ እንደሆነ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። እጅ እስከማያቃጥል ይብረድ። ከዚያ ኩፍ እስኪል በዚህ ወር ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ሳይነሣ አትጋግሩ።

የገብስ ዱቄት እስከ ሩብ ድረስ ቢደባለቅ ጥሩ ነው፣ የአገራችን እህል ነው፣ ወጪም ይቀንሳል። ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ለበነገታው ብቻ ይሁን። እንጀራው በሰፌድ ላይ ሳይበርድ አይደራረብ፤ እንፋሎቱ ይመለስና እርስ በርሱ ይጣበቃል።

የጓዳ ሰው

የማደሩን ነገር ረሳሁት። ቁሌቱ ይደር፣ ወጡ ግን አይደር። ሽንኩርቱን ከትፋችሁ ቅዳሜ ማታ በዘይትና በበርበሬ በደንብ አቁላሉት (የአልጫውን ለብቻ)፤ እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ክኩና ውኃው ይግባ። ውጭ ውርጭ ቢሆንም በ40 ሊትር ድስት ውስጥ ያለ ወጥ መሐሉ እስኪነጋ ለብ እንዳለ ያድራል፣ በዚያም ይሻግታል። ግድ ማደር ካለበት በሰፋፊ ትሪ ሳስቶ ይቀዝቅዝ፣ ጠዋት እስኪንተከተክ ይፍላ።

ሽሮው የመጨረሻ ይሁን። ለ1 ኪሎ 5 ሊትር ውኃ፤ ዱቄቱን አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት፣ በቀጥታ የፈላው ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ከሥሩ ካረረ አትፋቁት፣ አታማስሉትም፤ ወዲያው ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ሲበርድ ስለሚወፍር የፈላ ውኃ ከጎን ይኑር።

ደጀ ሰላም

እኔ ስለ ማዕዱ ልናገር፤ ምግቡ ሞልቶ ስርጭቱ ሊበላሽ ይችላልና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለት ዕለት አገልግሎት ቸል ስለተባሉ ነው ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት፤ ቅዱስ እስጢፋኖስም አንዱ ነው። ማዕድ ማገልገል ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚመደብበት ሥራ ነው ማለት ነው። ለ40ው ነዳያን አራት አስተናጋጅ መድቡ፣ አንዱ ለአሥር። ሥራው ማን እንደቀረ ማየት ነው፦ ዓይነ ስውሩን፣ በር ላይ የቀረውን፣ ዘግይቶ የመጣውን።

ካህኑ ዳቦውን ከባረኩ በኋላ መጀመሪያ ለነዳያን ይቀርብ፣ ከዚያ ለማኅበርተኛው። የተረፈው ይሰጣቸው የሚለውን ልማድ ብትተዉት ደስ ይለኛል፤ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» ያለው ጌታ (ማቴ 25፥35) እዚያ የተቀመጠ ነው ብለን ካመንን ድርሻው ከድስቱ አናት ይውጣ። ለሁሉም እጅ መታጠቢያ ውኃ በማስታጠቢያ ይዞር፣ ጥርስ ለሌላቸው ፍትፍት ይደረግ። ሲበሉ ፎቶ አይነሡ። ወደ ቤት የሚወስዱት ከፈለጉ ከወጡ ይልቅ ዳቦና ቆሎ ስጡ፣ ሳይበላሽ ይቆያል።

ተረኛ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቁሌቱን ቅዳሜ፣ ወጡን ሌሊት እናደርጋለን፤ አስተናጋጆቹንም ለሰንበቴው ሙሴ (ለሰብሳቢው) ነግረን እናስመድባለን። አንድ የቀረችን ጥያቄ፦ ኮባ ብናጣስ?

ደገኛዋ

ሰፋፊ የጎመን ቅጠል ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ ይነጠፍ፤ ሁለት ድርብ ይሁን፣ ከኮባ ይልቅ ቶሎ ያርራልና። ከሥርም ከላይም እሳቱ መጠነኛ ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። እሳቱ ከበዛ ቅርፊቱ ቀልቶ መሐሉ ሊጥ ይቀራል። በንጹሕ ስንጥር ወግታችሁ ደርቆ ከወጣ አውጡት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ በትኩሱ አይቆረስም፣ ይላቁጣል። ቅዳሜ ማታ ቢጋገር ለጠዋት በደንብ ይቆረሳል።