ልጆችና እናት ይዞ ስታዲየም ለማየት፦ ለንደን ውስጥ የትኛው ይሻላል? (ጥቆማ)

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። በትምህርት ቤት እረፍት አዲሱን የቶተንሃም ስታዲየም ለመጎብኘት አስበናል። ልጆቹ 5፣ 9 እና 14 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም አብረውን ናቸው። ጨዋታ ሳይሆን ጉብኝት ነው። ቶተንሃም ይሻላል፣ የአርሰናሉ ኤሚሬትስ ወይስ ስትራትፎርድ ያለው የ2012 ኦሊምፒክ ስታዲየም? መንገዱንም ምግቡንም የምታውቁ ጠቁሙን።

ከኤድመንተን፦ ሕንጻ ለማየት ከሆነ ቶተንሃም ነው። የአርሰናል ደጋፊም በሆዱ ያምናል። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2019 ተከፈተ፣ 62,850 ሰው ይይዛል። ደቡቡ በኩል 17,500 መቀመጫ ያለ ምንም ፎቅ በአንድ ወጥ ዳገት ተደርድሯል፤ የእነሱ ካታንጋ በሉት። የ14 ዓመቱን ልጅ የሚይዘው ግን ሜዳው ነው። ሣሩ ከሦስት ተከፍሎ በዚያው በደቡቡ መቀመጫ ሥር እየተንሸራተተ ይገባል፤ ከሥሩ ለአሜሪካን ፉትቦል የተሠራው ሰው ሠራሽ ሜዳ ይገለጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከ3,000 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ሥራው ግን 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሲንሸራተት በጉብኝት ሰዓት አታዩትም፤ ይህን ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ካልሆነ ያኮርፋል።

ጉብኝቱ ጆሮ ላይ በሚደረግ ማዳመጫ ነው፣ በራስ ፍጥነት ይኬዳል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያዙለት። የቡድኑን መልበሻ ክፍል አይታችሁ ወደ እንግዳው ስትገቡ ልዩነቱ ያስቃል። የተጫዋቾች መውጫው አጠገብ ያለውን የመስታወት ግድግዳም አትለፉት፦ ብዙ ገንዘብ የከፈለ እንግዳ እራቱን እየበላ ተጫዋቾቹ ሲሰለፉ የሚያይበት ነው።

አሁን የሚበላሽበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀኑ። የሊግ ፕሮግራም ለቴሌቪዥን ሲባል ይቀያየራል፤ ቅዳሜ የነበረው ሰኞ ማታ ሊሆን ይችላል። በጨዋታ ቀን መደበኛው ጉብኝት የለም፣ በዋዜማው ደግሞ መልበሻ ክፍሉ ለዝግጅት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በሜዳቸው ከሚደረግ ጨዋታ ቢያንስ ሁለት ቀን የራቀ ቀን ምረጡ። ኦክቶበር ላይ የአሜሪካን ፉትቦል፣ በፈረንጆቹ በጋ ኮንሰርት አለ፤ ያኔ ልጁ ሊያየው የመጣው ሣር ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ደግሞ ሣሩ ላይ ትልልቅ መብራቶች ይቆማሉ፣ ምክንያቱም ከፍ ያለው መቀመጫ ፀሐይ ይከልላል። ለፎቶ ጥሩ ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። እናትሽ ለልጆቹ ብለው የያዟት አስር ፓውንድ እዚያ ግቢ ውስጥ ወረቀት ናት።

ሦስተኛ፣ ጣሪያው ላይ የሚኬደው። ከሜዳው 46.8 ሜትር ከፍታ ላይ በመስታወት ወለል ቁልቁል እያዩ መራመድ ነው። ከ8 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ የ9 ዓመቱ ይገባል፣ የ5 ዓመቷ አትገባም፣ ከእሷ ጋር የሚቀር አዋቂ ያስፈልጋል። የቁመትና የክብደቱን ገደብ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡ። ንፋስ ሲበረታ ይሰረዛል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ከያዛችሁ ጣሪያውን ጠዋት አድርጉት፣ ቢዘገይም የሚገፋበት ሰዓት ይኖራል። የተሸፈነ ጫማ፣ ቀሚስ ሳይሆን ሱሪ።

ጠያቂ፦ ልጁ ወንድ፣ ትንሿ ሴት መሆኗን እንዴት አወቅህ? 😄 ለማንኛውም እናቴ ደረጃ አይችሉም። መንገዱስ?

ከኤድመንተን፦ ገመትኩ። ለእናትሽ ሰቨን ሲስተርስ ላይ ባቡር ከመቀየር ከሊቨርፑል ስትሪት በቀጥታ ኦቨርግራውንድ የሚባለውን ባቡር ያዙ። ዋይት ሃርት ሌን ትወርዳላችሁ፣ 25 ደቂቃ ያህል ነው፣ ሁለቱም ጣቢያ ሊፍት አለው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ቀና ስትሉ ስታዲየሙ ፊት ለፊት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከዚያው ከሊቨርፑል ስትሪት ቺንግፎርድ የሚሄደውም ይነሳል። እሱ ሃክኒ ዳውንስ ላይ ተገንጥሎ ሌላ አገር ይወስዳችኋል። ሰሌዳው ላይ ኤንፊልድ ታውን ወይም ቼሸንት የሚለውን ተሳፈሩ።

ከ11 ዓመት በታች ያሉት ከአዋቂ ጋር በነፃ ናቸው። የ14 ዓመቱ ዚፕ ኦይስተር (የልጆች የትራንስፖርት ካርድ) ካለው አውቶቡስ ነፃ፣ ባቡር በልጅ ዋጋ። ካርድ ከሌለው እንደ አዋቂ ይከፍላል። ደግሞ ሲሄዱ በስልክ፣ ሲመለሱ በባንክ ካርድ አትክፈሉ፤ ሁለቱ እንደ ሁለት ሰው ስለሚቆጠሩ የቀኑ የክፍያ ጣሪያ (በቀን ከዚያ በላይ የማይከፈልበት) አይደማመርም። ባንኩ አንድ ቢሆንም ያው ነው።

የመድፈኞቹ ወገን፦ ቤቱ አርሰናል ከሆነ ልጆቹን ቶተንሃም መውሰድ ግፍ ነው። ቀልዱን ትተን፣ ኤሚሬትስ አዲስ አይባልም፣ 2006 ነው የተከፈተው፤ ግን ለትንሿ ይቀላል። ጣሪያ ላይ መውጣት የለ፣ ምን የለ፣ አጭር ነው። የቡድኑ መልበሻ ክፍል ማዕዘን የሌለው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ነው፣ ሁሉም ተጫዋች ሁሉንም እንዲያይ። ሙዚየሙ ከዋናው ስታዲየም ውጭ በሌላ ሕንጻ ስለሆነ ብዙ ሰው ረስቶት ይሄዳል፤ ቲኬታችሁ ሙዚየሙን መጨመሩን እዩ። ውጭ ያሉት ሐውልቶች (ኦንሪ፣ በርካምፕ፣ አዳምስ፣ ቬንገር) በነፃ ናቸው፣ ፎቶም እዚያ ያምራል። ለልጆቹ የጌዲዮን ዘላለምን ነገር ንገሯቸው፦ በርሊን የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ በ2014 ለ17ኛ ልደቱ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ለአርሰናል የተሰለፈ።

እናትዎን ግን አርሰናል ጣቢያ እንዳያወርዷቸው። ስሙ ያታልላል፤ ሊፍት የለውም፣ መተላለፊያው ረጅም ዳገት ነው። ሆሎዌይ ሮድም ከደረጃ ነፃ አይደለም። ፊንስበሪ ፓርክ ሊፍት አለው፣ ከዚያ በዝግታ 15 ደቂቃ ያህል ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው፦ ጉብኝቱን ትታችሁ የሴቶቹን ጨዋታ ብታዩስ? የአርሰናል ሴቶች የሊግ ጨዋታቸውን አሁን ኤሚሬትስ ነው የሚያደርጉት፣ ቲኬቱ ከወንዶቹ ጋር አይወዳደርም፣ አባልነትም ወረፋም አያስቸግርም። ቦርሳ ብቻ ከኤ4 ወረቀት እንዳይበልጥ። የቶተንሃም ሴቶች ግን አብዛኛውን የሚጫወቱት ሌይተን፣ ብሪዝቤን ሮድ ነው። አዲሱን ስታዲየም አያለሁ ብሎ ቲኬት የገዛ ሰው ሌላ ሜዳ እንዳይደርስ፣ አድራሻውን ያንብብ።

ከስትራትፎርድ፦ ለእግር ኳስ ብቻ ከሆነ ስትራትፎርድ ሦስተኛ ነው፤ ሜዳው ለሩጫ ስለተሠራ መቀመጫው ከሣሩ ይርቃል። እናትሽ ግን የኳሱን ነገር ምን ያደርጉታል? ይህ ሜዳ ጥሩነሽ ዲባባ በ2012 የ10,000 ሜትሩን ወርቅ በ30:20.75 የወሰደችበት ነው። ከሳምንት በኋላ መሠረት ደፋር 5,000ውን አሸነፈች፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ። በ2017 የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ አልማዝ አያና በ10,000፣ ሙክታር እድሪስ ሞ ፋራህን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት በ5,000። እኚያን ውድድሮች በቴሌቪዥን ላዩ እናት መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ማየት ሌላ ነው። ስልክ ላይ የመጨረሻውን ዙር አውርዳችሁ ሂዱ፣ እዚያው ክፈቱላቸው።

ስትራትፎርድ ጣቢያ ሊፍት አለው፣ እስከ ስታዲየሙ ግን በእሳቸው እርምጃ ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። መንገዱ ሜዳማ ነው፣ አግዳሚ ወንበርም አለ። ለትንሿ በፓርኩ ሰሜን በኩል ተምብሊንግ ቤይ የሚባል የልጆች መጫወቻ አለ፣ ነፃ ነው፤ አሸዋና ውኃ ስላለው ቅያሪ ልብስ ያዙ።

ጠያቂ፦ እናቴ ጥሩነሽን ሲሰሙ ነገሩ አለቀ መሰለኝ። ግን ትልቁ ልጅ ሜዳ ሲንሸራተት ካላየሁ ብሏል። እሺ ቶተንሃም ብንሄድ፣ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ምን እንብላ?

የመድፈኞቹ ወገን፦ ሲንሸራተት አያይም ተብሏል እኮ!

ከኤድመንተን፦ ስታዲየም ውስጥ ለጾም የሚሆን ቺፕስ አታጡም፣ ግን ዶሮና ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ከቤት ከያዛችሁ ፍርፍር ሳይሆን ደረቅ ነገር፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። መግቢያ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ የብርጭቆ ጠርሙስ አይገባም።

የሚሻለው ግን ቁርስ አጥብቃችሁ በልታችሁ፣ ስትጨርሱ ስታዲየሙ ፊት ካለው ዋና መንገድ ከሃይ ሮዱ ላይ 259 ቁጥር አውቶቡስን መያዝ ነው። አውቶቡሱ በሰቨን ሲስተርስ፣ በፊንስበሪ ፓርክ፣ በሆሎዌይ አድርጎ ካሌዶኒያን ሮድን ይወርዳል፤ ወደ ኪንግስ ክሮስ ሲቃረብ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ እዚያው ናቸው። በ2025 ለአዋቂ 1.75 ፓውንድ ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ እናትሽ ግን ቁጭ ብለው ነው። ታችኛውን ፎቅ ለእሳቸው፣ ላይኛውን የፊት ወንበር ለትንሿ። አንዳንዶቹ ቤቶች ምሳ ሰዓት አይከፍቱም፣ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ስትደውሉም በየዓይነቱ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ጠይቁ። አንዱ ትሪ አንዳንድ ቤት ለሁለት ሰው በደንብ ይበቃል፣ ለአምስት ሰው አምስት ካዘዛችሁ ግማሹን በፌስታል ይዛችሁ ነው የምትመለሱት።

ከስትራትፎርድ፦ ሱቁን ረስታችሁታል። ሁሉም ጋ መውጫው ሱቁ አቅራቢያ ነው፣ ማልያ ላይ ስም ማሳተም ለብቻው ይከፈላል፣ ስም የታተመበት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም። የማልያውን መጠን መጀመሪያ አስለኩ፣ ከዚያ አሳትሙ።