የምልመላ ስህተት ነው ወይስ የችግሩ አተረጓጎም?

ሰላም ለሁላችሁ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረውን የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ለከተማ ድሆች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም) በአዲስ አበባ ዳርቻ ላለው ለቱሉ ዲምቱ አካባቢ እየተነተንኩ ነው። «ምን ይሰጣል፣ በማን በኩል፣ በማን ገንዘብ» የሚሉት አላስቸገሩኝም። የተጣበቅኩት «ለማን» ላይ ነው።

ለመመልመል የአካባቢው ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ነዋሪነት የሚታየው ደግሞ በመታወቂያ ነው። ጭቃ ቤት የተከራየች የቀን ሠራተኛ ከመጣችበት መሸኛ ከሌላት መታወቂያ አታወጣም፤ ስሟም መልማይ ኮሚቴው ዘንድ አይደርስም። ይህን የአፈጻጸም ጉድለት ልበለው፣ ወይስ ድህነት ከመነሻው «የነዋሪ ችግር» ተብሎ በመተርጎሙ የመጣ? የፊተኛው ከሆነ ቅሬታ ሰሚ ይበቃል (እሱም መታወቂያ ካልጠየቀ!)፤ የኋለኛው ከሆነ መመሪያው ራሱ መነካት አለበት።

የተጠቃሚዎች መዝገብ የቀሩትን አያሳይም። ቤት ለቤት ናሙና ስወስድ አከራዮች ተከራይ ይደብቃሉ፤ ግብር ይመጣል ብለው ይሰጋሉ። ጠዋት የቀን ሥራ መጠበቂያው ላይ ብቆጥር ደግሞ አቅመ ደካሞቹ ይቀሩብኛል። ሁለቱን እንዴት ላጣምር?