ክንዳችን መፈንቅል ከሆነ ሥራውን ለምን ያከብደዋል?

የአራተኛ ክፍል መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ አጥንትና ጡንቻን አስተምሬ ስጨርስ ቀላል ማሽኖች ይቀጥላሉ። ሁለቱ ምዕራፎች አጥር ተጋርተው ሳይነጋገሩ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ይመስሉኝ ነበር። ዘንድሮ ላስተዋውቃቸው ብዬ ተነሣሁ፤ ጣጣውም ከዚያ ጀመረ።

ከጠንካራ ካርቶን ክንድ ሠራሁ። ለላይኛውና ለታችኛው ክንድ ሁለት ቁራጭ፣ ክርኑ ላይ ብሎን፣ ለጡንቻው ደግሞ ከትከሻ የሚወርድ ሲባጎ። የሲባጎውን ጫፍ የት ልሰረው ብዬ አልተጨነቅሁም፤ ለእጄ የተመቸኝ ከእጅ አንጓው አጠገብ ስለነበር እዚያ በስቼ አሰርኩት። መዳፉ ላይ የጠመኔ ሣጥን አስቀመጥኩና አንዲት ተማሪ በትንሿ ጣቷ ሲባጎውን እንድትስብ አደረግሁ። ክንዱ እሺ ብሎ ተነሣ። እኔም ደስ ብሎኝ ሰሌዳው ላይ «ቀላል ማሽን ማለት በትንሽ ጉልበት ከባድ ነገር ለማንሣት የሚረዳን መሣሪያ ነው፤ ክንዳችንም መፈንቅል ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ መፈንቅል ማለት በአንድ መደገፊያ ላይ የሚዞር ዘንግ ነው። አርባ ሁለት ልጆች ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት ውጭ ውጭውን የሚያይ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ክርኑን አጥፎ በሌላው እጁ ጣት እጥፋቱን እየጫነ ነበር። «መምህር፣ የእኔ ሲባጎ እዚህ ነው ያለው፤ አንጓዬ ጋ የለም» አለ። ክፍሉ በሙሉ ክርኑን ይዳብስ ጀመር። እኔም ዳበስኩ። እውነቱን ነው፤ ክንድ ሲታጠፍ የሚወጠረው ጅማት እዚያው ክርኑ እጥፋት ላይ ነው የሚገኘው።

«እንግዲያው እናስተካክለው» ብዬ ሲባጎውን ፈታሁና ከብሎኑ 4 ሴንቲሜትር ያህል ርቄ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ያቺው ልጅ በትንሿ ጣቷ ሳበች፤ አልተነሣም። በሙሉ እጇ ሳበች፤ ካርቶኑ ተቀደደ። ሳቁ ሲበርድ ልጁ እንደገና ጠየቀ፦ «መፈንቅል ሥራ የሚያቀልል ከሆነ ክንዳችን ለምን ያከብደዋል? በስህተት ነው እንዴ የተሠራው?»

ደወሉ አዳነኝ። ሰኞ ግን መልስ ይጠበቅብኛል። ለአሥር ዓመት ልጅ ምን ብዬ ላስረዳ? በእጄ የጻፍኩትንስ እንዴት ላርመው? ደግሞም «ስድስቱን ቀላል ማሽኖች በሰውነታችሁ ውስጥ ፈልጉ» የሚል የቤት ሥራ (መፈንቅል፣ መዘውር፣ ሽብልቅ፣ ብሎን፣ ተዳፋት፣ ጎማና ዘንግ) ልሰጣቸው አስቤ ነበር፤ ያዋጣል ትላላችሁ?

ፊዚዮቴራፒስት

ያ ልጅ ወደ እኛ ሙያ እየመጣ ነው መሰለኝ፤ ከመስኮቱ አያርቁት።

ክንዱ በስህተት አልተሠራም፤ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ ጅማት የሚያያዘው ከክርን መገጣጠሚያ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ነው። መዳፍ ላይ ያለው ሸክም ግን ወደ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል፤ 5ቱን ብንወስድ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ክርናችንን አጥፈን 2 ኪሎግራም ስንይዝ ጡንቻው 14 ኪሎግራም የተንጠለጠለበት ያህል ይስባል፤ የክንዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ጆቫኒ ቦሬሊ ጡንቻዎች ከሚያነሡት ሸክም የበለጠ ኃይል እንደሚያወጡ በስሌት አሳይቷል። የእርስዎ ተማሪ በጣቱ ብቻ ደረሰበት።

ትርፉ ታዲያ የት አለ? በርቀትና በፍጥነት። ጅማቱ 1 ሴንቲሜትር ሲሳብ መዳፉ 7 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ጡንቻ በኃይል መሳብ ያውቅበታል፤ ብዙ ማጠር ግን አይሆንለትም። ድንጋይ መወርወር፣ ዝንብ ማባረር፣ ከጠረጴዛ የሚወድቅ ብርጭቆ መቅለብ የቻልነው በዚሁ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የሠሩት ዓይነት ክንድ ቢኖረን ኖሮ ክርናችንን ባጠፍን ቁጥር ከትከሻ እስከ አንጓ የተወጠረ ገመድ እንደ ቀስት ጅማት ፊታችን ላይ ይገተር ነበር። ልጆቹ ያንን ሰው ይሳሉት። ሸሚዙን እንዴት እንደሚለብስም ይጠይቋቸው።

ጉልበት የሚያተርፍ መፈንቅል ካስፈለገ እግር ላይ አለ። በጣቶቻቸው ይቁሙ። መደገፊያው የጣቶቹ ሥር ነው፤ ሸክሙ በቁርጭምጭሚት በኩል የሚወርደው የሰውነት ክብደት ነው፤ ተረከዙን ወደ ላይ የሚጎትተው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው። ሸክሙ መሃል ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪም እንዲሁ ነው። ራስ ደግሞ በአንገት አናት ላይ ሲደገፍ ሚዛኑ ወደ ፊት ያደላል፤ እንዳይደፋ የያዙት ከኋላ ያሉት የአንገት ጡንቻዎች ናቸው። ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ልጅ አገጩ ደረቱ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ለዚህኛው ማሳያ አያጡም።

አናጺው

እህቴ፣ እኔ የመምህርነት ነገር አላውቅም፤ የምውለው ከእንጨት ጋር ነው። መሣሪያ በነጻ የሚሰጥሽ ነገር የለም። ሚስማር ስነቅል የመዶሻው እጀታ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ሚስማሩ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል፤ ለጉልበቱ የከፈልኩት በርቀት ነው። መጥረጊያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የታችኛው እጅሽ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ሰፊ ወለል ያዳርሳል፤ ለርቀቱ የምትከፍዪው በጉልበት ነው። ወረንጦም እንደዚያው። መጥረጊያን «በስህተት የተሠራ» የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሰሌዳው ላይ «የኃይልን መጠን ወይም አቅጣጫ፣ ወይም የምናንቀሳቅስበትን ርቀት የሚለውጥ መሣሪያ» ብለሽ ጻፊ። ካርቶኑንም ተዪው፤ ሁለት ቀጫጭን ጠፍጣፋ እንጨት ይበቃሻል። ብሎኑን ብዙ አታጥብቂው፣ ክርኑ ይደርቅብሻል።

ጡረተኛ መምህር

መምህርት፣ «ስድስቱን ፈልጉ» የሚለውን የቤት ሥራ ይተዉት። እኔ አንድ ዓመት ሰጥቼ አንዱ «እምብርቴ ብሎን ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ልጁ ምን ያድርግ? አስገድጄው ነው። በሰው አካል ውስጥ ብሎን የለም። ብሎን ያላት ጢንዚዛ ናት፤ ተመራማሪዎች በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአንዲት ጢንዚዛ እግር ከሰውነቷ ጋር የተያያዘው በብሎንና በዳዶ ዓይነት መገጣጠሚያ መሆኑን ይፋ አድርገዋል። ለልጆቹ ይህንን ይንገሯቸው፤ ይወዱታል።

መዘውር ግን ዓይናቸው ውስጥ አለ። ዓይንን ከሚያንቀሳቅሱት ስድስት ጡንቻዎች የአንዱ ጅማት በአፍንጫ በኩል ባለች ትንሽ የልም አጥንት ቀለበት ውስጥ ያልፍና አቅጣጫውን ይቀይራል። የፊት ጥርስ ሽብልቅ ነው። መንጋጋ ደግሞ እንደ ክንድ ያለ መፈንቅል ነው። ካሮት በፊት ጥርሳቸው ይግመጡ፣ ከዚያ በኋላኛው ይንከሱ፤ የቱ ይቀላል ብለው ይጠይቋቸው። የኋላኛው ጥርስ ለመንጋጋው መገጣጠሚያ ስለሚቀርብ ንክሻው ይበረታል። ማንም ሳያስተምረን ጠንካራ ነገር ወደ ኋላ ጥርስ የምንልከው ለዚህ ነው።

የአራተኛ ክፍል መምህርት

ሰኞ አለፈ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ሰሌዳው ላይ የቀድሞውን ዓረፍተ ነገር ራሴ ጻፍኩና ራሴ ሰረዝኩት። «መምህር ተሳሳተች» የሚል ሹክሹክታ ከፊት ወንበር ተሰማ፤ «አዎ» አልኩ፤ ዝም አሉ። አዲሱን ሲገለብጡ አንዳንዶቹ የድሮውን በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ሰረዙት፤ ትንሽ በዛብኝ።

የእንጨቱን ክንድ እሑድ ማታ ሠራሁት። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ከክርኑ 35 ሴንቲሜትር ላይ፣ ሲባጎው 5 ሴንቲሜትር ላይ። በባለ ሞላ ሚዛን ስንስበው ወደ 4 ኪሎግራም ተጠጋ። ልጆቹ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ጠርሙሱን ለብቻው መዘኑት፤ ግማሽ ኪሎግራም። ከዚያ በማስመሪያ ሲባጎው 1 ሴንቲሜትር ሲሳብ ጠርሙሱ ምን ያህል እንደሚነሣ ለኩ። አንደኛው ቡድን 6 ሌላኛው 8 አገኘና ተጣሉ፤ ሰባትን ለማስታረቂያ አቀረብኩ። ብሎኑን ደግሞ አጥብቄው ኖሮ ክርኑ ሁለት ጊዜ ደረቀብን። አናጺው ይስቁብኝ።

ባለ ገመዱ ሰው ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንዷ እጅጌ የሌለው ሸሚዝ አልብሳዋለች፤ ሌላዋ ገመዱ ላይ ልብስ አስጥታበታለች።

ባለመስኮቱ ልጅ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ዋለ። ሊወጣ ሲል ምላሱን አውጥቶ አሳየኝና (ልቆጣው ነበር) «መምህር፣ ይሄኛው መደገፊያው የት ነው? አጥንት የለውም እኮ» አለኝ። ምን ልበለው?

ፊዚዮቴራፒስት

ምላስ ሥሩ ከመንጋጋና ከጉሮሮ አጥንት ጋር ተያይዟል፤ የምናወጣው ክፍል ግን እውነትም አጥንት የለውም። ሁሉም ጡንቻ ነው፤ መጠኑም አይቀንስም። ስለዚህ ከጎን ሲጨመቅ ይረዝማል። ረዘም ያለ ፊኛ ውኃ ሞልተው ይስጡት፣ ወገቡን ይጭመቀው። ከክፍል ውጭ ቢሆን ይሻላል።